«ይቅር ብያለሁ፤ ግን…»

«ይቅር ብያለሁ፤ ግን ዓይኑን ማየት አልፈልግም» አልክ? እግዚአብሔርም ለአንተ እንዲሁ ቢልህስ? «ኃጢአትህን ትቼልሃለሁ፤ ግን ደጄን እንዳትረግጥ» ቢልህ፣ ተማርኩ ብለህ ስለት ታስገባለህ? አታስገባም። ቅጥሩን ይዘህ ታለቅሳለህ እንጂ። ለራስህ ሲሆን ከነእቅፉ የምትፈልገውን ምሕረት ለወንድምህ ሲሆን ለምን ከበር ትመልሰዋለህ?

ለቅሶ ቤትም ሆነ ሰንበቴ፣ ታክሲ ውስጥም ሆነ ሠርግ ላይ ጆሮ የሰጠ ሰው ይህን ዓይነት መልስ አያጣም። ክርስቲያኖች ነን። እንጾማለን፣ እናስቀድሳለን፣ ማተባችንን አልበጠስንም። ይቅር በሉ ስንባል ግን ምላሳችን ይፈጥናል፤ ሰበቡ ከአፋችን አይጠፋም። እኔም ዛሬ ምላሴን ላፍጥንና ሰበቡን በየተራ ላንሣው። ላስቀይም ብዬ አይደለም፤ ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው።

«እኔ ሰው ነኝ፤ እግዚአብሔር አይደለሁም።»

ሁን ያለህ ማነው? ፀሐይን አውጣ አልተባልክም። እሱ ለክፉውም ለደጉም ያወጣታል። አንተ የተባልከው ከአጥር ወዲያ ያለውን ጎረቤትህን «እንደምን አደርክ» በለው ነው። ጳውሎስ ለኤፌሶን ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ እግዚአብሔር በክርስቶስ ይቅር እንዳላችሁ ይቅር ተባባሉ ካለ በኋላ ወዲያው እሱን ተከተሉ ብሎ ያክልበታል፤ እንደ ተወደዱ ልጆች። ልጅ አባቱን የሚመስለው አባቱን ስላከለ አይደለም፤ ልጁ ስለሆነ ነው።

ደግሞስ፣ ስትቆጣ «እኔ እግዚአብሔር አይደለሁም» ስትል ማን ሰማህ? ስትፈርድስ? «እሷ መቼም መንግሥተ ሰማያትን አታያትም» ብለህ ቡና ላይ ስትበይን፣ መንበሩ ላይ ቁጭ ብለህ ነበር። ሰው መሆንህ ትዝ የሚልህ ይቅር በል ስትባል ብቻ ነው?

«የበደለው እሱ ነው። እሱ ቀድሞ ይምጣ።»

በደሉስ የእሱ ይሁን። ግን ንገረኝ፤ አዳም ቅጠል አገልድሞ ዛፍ ሥር በተሸሸገ ጊዜ ማን ነው ማንን የጠራው? በዳዩ ነው ተበዳዩን ፈልጎ የሄደው? «አዳም ራሱ ይምጣና እግሬ ላይ ይውደቅ» ብሎ ፈጣሪ ቢጠብቅ ኖሮ አዳም እስከ ዛሬ ከዚያው ዛፍ ሥር ባልወጣ፤ እኛም ከነልጅ ልጆቻችን አብረነው በነበርን።

የጠፋው ልጅስ? ርስቱን በልቶ፣ ከእሪያ ጋር ውሎ፣ የሚናገረውን በልቡ አጥንቶ ነበር የመጣው። አባትየው ገና ከሩቅ ሲያየው ሮጠ። የከበረ ሰው፣ ሎሌ የሞላው ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ሮጠ። ልጁ ያጠናውን ንግግር እንኳ አላስጨረሰውም፤ ልብስና ቀለበት አምጡ ብሎ ጮኸ። አንተ ደግሞ «ይምጣ፣ ይለምን፣ እግሬ ላይ ይውደቅ፣ ከዚያ አስብበታለሁ» ትላለህ። ከማን የተማርከው ነው? ከአባትየው አይደለም። በዚያ ታሪክ ውስጥ ግን ደጅ ቆሞ፣ የቤቱን ዘፈን እየሰማ፣ አልገባም ያለ አንድ ሌላ ልጅ አለ።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ፣ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ ሲያውጅ ልብ ብላችሁ እዩ። ነጠላዋን አጣፍታ የቆመች እናት ወደ ቀኝዋ ዞራ ጎንበስ ትላለች። ወደ ኋላዋም ዞራ ጎንበስ ትላለች። በግራዋ የባሏ እህት ቆማለች፤ ወደዚያ ግን አትዞርም። የነጠላዋን ጥለት ታስተካክላለች። የባሏ እህትም በበኩሏ የቅዳሴ መጽሐፏን ገጽ ትገልጣለች፤ ዲያቆኑ ያለበትን ገጽ ግን አይደለም። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አንድ ክንድ አይሞላም። ትንሽ ቆይተው ሁለቱም እኩል ድምፅ አውጥተው እግዚኦታ ያደርሳሉ።

እህቴ፣ ቀኙን ሰላም ብለሽ ግራውን ከዘለልሽ የዲያቆኑን አዋጅ ግማሹን ነው የሰማሽው። ያ ሰላምታ ለሥርዓት ማማሪያ የገባ አይደለም። ከቍርባኑ በፊት የተቀመጠው ጌታ በተራራው ስብከቱ ካዘዘው ጋር ስለሚሄድ ነው። መባሽን ይዘሽ መሠዊያው ፊት ደርሰሽ ወንድምሽ በአንቺ ላይ ቅሬታ እንዳለው ትዝ ቢልሽ፣ መባሽን እዚያው ትተሽ መጀመሪያ ሄደሽ ታረቂ ነው ያለው። ነገሩን ልብ ብለሽ እዪው፤ አንቺ የተቀየምሽው ሰው ትዝ ቢልሽ አላለም፤ አንቺን የተቀየመ ሰው ትዝ ቢልሽ ነው ያለው። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን ክርክር ገና ሳይጀመር አስቀረው። መባው ይቆያል፤ የባልሽ እህት ግን ቅዳሴው ሲያልቅ በሌላ በር ትወጣለች።

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። ሌባው በሳሉ ይያዛል። አንተም «አባታችን ሆይ» ስትል በራስህ አንደበት ትያዛለህ። እዚያ ጸሎት ውስጥ መለኪያውን ለእግዚአብሔር የምታቀብለው አንተው ነህ፤ እኔ ለበደሉኝ ባደረግኩት ልክ አድርግልኝ ነው የምትለው። በቀን ስንት ጊዜ ትደግመዋለህ? የጎረቤትህን ስም ይዘህ እንደገና ድገመውና ምን እየለመንክ እንደሆነ ስማው።

«እኔ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ።»

አብዝታ የምታስጨንቀኝ ይህች ናት። ሲሰሟት ትሕትና ትመስላለች። ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ ዓይን ወደ ሰማይ ቀና ተደርጎ፣ ደረት በመዳፍ ተይዞ ነው የምትነገረው። ግን ምን ብለህ ነው የሰጠኸው? «ማረው፣ መልሰው፣ ልቡን አብራለት» ብለህ? አይደለም። «ዋጋውን ስጥልኝ፤ በቁሜ አሳየኝ» ብለህ ነው። ከሰጠኸው በኋላም አልተውከውም፤ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። መኪናው ሲጋጭ «ይኸው!» ትላለህ። ልጁ ፈተና ሲወድቅ «ገና ምኑ ተነካና» ትላለህ። ሲታመም «የኔ እንባ ነው» ብለህ ለሰው ታወራለህ፤ አንዳንዴም ልትጠይቀው ትሄዳለህ፤ ሄደህ የምታየው ግን በሽታው ምን ያህል እንደጠናበት ነው። ይህ ለእግዚአብሔር መስጠት አይደለም፤ እግዚአብሔርን ለበቀልህ ማዘዝ ነው።

ነነዌ ማዶ ዳስ ጥሎ የተቀመጠውን ሰው ታስታውሰዋለህ? ዮናስ ስብከቱን ጨርሶ፣ ከከተማዋ ወጥቶ፣ በምሥራቅ በኩል ተቀምጦ ምን እንደሚመጣባት ሊያይ ይጠብቅ ነበር። እሳት አልወረደም። ሕዝቡ ማቅ ለብሶ ንስሐ ገባና ተማረ። ነቢዩ ተናደደ። እግዚአብሔርም ቀኝና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ በላይ ሰዎች ላሉባት፣ እንስሳቷም ለበዛ ከተማ አልራራምን ብሎ ጠየቀው። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የዮናስ መልስ አልተጻፈም። አንተ በየዓመቱ ሦስት ቀን ጾመ ነነዌን ትጾማለህ። የምትጾመው ከተማረችው ከተማ ጋር ሆነህ ነው ወይስ ዳሱ ሥር ሆነህ?

እስከ ታቦት ድረስ ሄደው የሚሳሉም አሉ። «ጊዮርጊስ፣ የሠራችኝን ሥራባትና አሳየኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ» የሚሉ። እትዬ፣ ጃንጥላውን ያስገቡ፤ የቤተ ክርስቲያን ጌጥ ነው። ግን ስለቱን ያዙሩት። ሰማዕታት ሲሞቱ ምን እንደለመኑ የሚታወቅ ነገር ነው። ቀዳሜ ሰማዕት እስጢፋኖስ ድንጋይ ሲዘንብበት ተንበርክኮ ለሚወግሩት ማለደ። የወጋሪዎቹን ልብስ ይጠብቅ የነበረው ጎልማሳ ደግሞ ሳውል ይባል ነበር። እስጢፋኖስ በዚያች ሰዓት «ዋጋቸውን ስጥልኝ፤ ልብስ ጠባቂውንም እንዳትረሳ» ብሎ ቢሆንና ቢሰማለት ኖሮ፣ እርስዎ በየቅዳሴው የሚሰሙት የጳውሎስ መልእክት ከየት ይመጣ ነበር? ዛሬ እንድትቀሠፍ የሚሳሉባት ሴት ነገ ምን እንደምትሆን በምን አወቁ?

ለእግዚአብሔር መስጠት የሚባል ነገር የለም አላልኩም፤ አለ። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ራሳችሁ አትበቀሉ፣ ፍርዱን ለእሱ ተዉለት ብሏል። ቀጥሎ ግን ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው አለ። የፊተኛውን ይዘህ የኋለኛውን ጣልክ። በእውነት ከሰጠኸው፣ እጅህ ባዶ ነውና ለሰውዬው እንጀራ ማቅረብ አያቅተውም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

እርግጥ ነው። እርሳ ያለህስ ማነው? ጌታ ከሞት ሲነሣ የችንካሩ ምልክት እጁ ላይ ነበር። ሞትን ያሸነፈ፣ ጠባሳውን ማጥፋት አቅቶት አይደለም፤ ቶማስን ናና ዳስሰው አለው። የተወጋው አልረሳም። ግን ያንኑ የተወጋ እጅ ይዞ በተዘጋው ቤት ሲገባ፣ እዚያ ተሰብስበው የነበሩት ጥለውት የሸሹት ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ የሰጣቸው ሰላምታ ነው። «ሐሙስ ማታ የት ሮጣችሁ?» ያለው አንድም የለም። ጴጥሮስን ሦስት ጊዜ ስለካደው ሦስት ጊዜ ትወደኛለህን አለው፤ በየመልሱም መንጋውን ጠብቅ አለው። የካደውን ሰው አደራ ሰጠው። አንተ ዕቁብህን እንኳ ለበደለህ ሰው አታምንም።

ዮሴፍም አልረሳም። በ20 ብር የሸጡት ወንድሞቹ ስንዴ ፍለጋ ግብፅ ወርደው ፊቱ ወድቀው ሲሰግዱ እሱ አወቃቸው፤ እነሱ አላወቁትም። አባታቸው ያዕቆብ በሞተ ጊዜ «አሁን ይበቀለናል» ብለው ፈሩ፤ እሱ ግን አለቀሰ። ክፉ እንዳሰቡበት ፊት ለፊት ነገራቸው፤ ምንም አልተደረገም፣ ተሳስተን ነው፣ ልጆች ነበርን አላስባላቸውም። በደሉን በስሙ ጠርቶ፣ እግዚአብሔር ነገሩን ለበጎ አዙሮታል ብሎ፣ እነሱንም ልጆቻቸውንም መገበ። የግብፅ ጎተራ ቁልፍ በእጁ ነበር፤ ዘግቶ ቢያስርባቸው ማን ይጠይቀው ነበር?

ስለዚህ ማስታወስህን አልነካብህም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ ጠባሳህን በየቀኑ የምትዳስሰው ሌላ ሰው እንዳይወጋ ነው ወይስ ተራህ ሲደርስ የት እንደምትወጋ እንድታውቅ?

«የኔ በደል ግን እንደሌላው ቀላል አይደለም።»

ልጁ የተገደለበት አባት፣ ልጇ የተደፈረችባት እናት ይህን ቢሉኝ ምላሴን እሰበስባለሁ። አብሬ አለቅሳለሁ እንጂ ቸኩለህ ታረቅ አልልም። ግን ይህን ቃል ከእነሱ ይልቅ የሚያበዛው ሌላው ነው። የሠርግ ካርድ ያልደረሰው ነው። በአባት ቤት ውርስ አንድ ክፍል ያነሰው ነው። ጽዋ ማኅበር ላይ ዳቦው ሲቆረስ ስሟ ያልተጠራ ናት። የተጣላ ሰው ጽዋውን እንዳያነሣ የማኅበሩ ሙሴ አስቀድሞ ታረቁ ሲል፣ «እኔ ከማንም አልተጣላሁም፤ ዝም ብቻ ነው ያልኳት» ብላ ትጠጣለች። እህቴ፣ ስንት ወር ነው ዝም ያልሻት? ላኮረፈ ምሳው እራቱ ይሆነዋል ይባላል፤ የአንቺ ግን ምሳም እራትም አልፎ ጾመ ፍልሰታ ደርሷል።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ጌታ በምሳሌ የነገረን ያ ባሪያ ለንጉሡ እልፍ መክሊት ዕዳ ነበረበት። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ይሆናል፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው። ዕዳው 60 ሚሊዮን የሥራ ቀን ሆነ ማለት ነው። ሰውዬው እሑድም በዓልም ሳይል በየቀኑ ቢሠራ ከ164 ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ወድቆ ለመነ፤ ንጉሡ ሁሉንም ተወለት። ከደጅ እንደወጣ መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አገኘና አንገቱን አነቀው። መቶ ዲናርም ትንሽ አይደለም፤ የመቶ ቀን ላብ ነው። የተነጠቀ ሰው ይከፋዋል፤ እውነት ነው። ኢየሱስ የባልንጀራህ ዕዳ ባዶ ነው አላለም። የጠየቀህ ሌላ ነው፤ 60 ሚሊዮኑ ከተተወልህ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያ እጅህ እንዴት አንገት ማነቅ ቻለ?

ከባዱን በደል ካነሣህማ፣ በዚህ ምድር ላይ የሆነ አንድ ቀን ላስታውስህ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.። ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ዕለት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ወደ ከተማዋ ገቡ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጀመረውና ለሦስት ቀን የዘለቀው ጭፍጨፋ ገና አራት ዓመቱ ነበር፤ ሰው ከነቤቱ የተቃጠለበት ሰፈር ገና አመዱ አልለቀቀውም። በዚያው በ1929 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ በተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን፣ የደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኮሳት በመቶዎች ተረሽነዋል። አርበኛው ጠመንጃውን ይዟል። ጣሊያኖቹ ደግሞ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ እጁ ላይ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ዕለት ንግግራቸው ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ጠላት እንደፈጸመው ዓይነት ግፍ እንዳይፈጽም፣ የኢትዮጵያን ስም እንዳያጎድፍ ለመኑት፣ አዘዙትም።

«ለንጉሥ መናገር ቀላል ነው» እንዳትለኝ። መናገሩ ለንጉሡ ይቅለል ይሁን፤ የሰማው ግን አባቱ የተረሸነበት ሰው ነበር። ሰምቶም ጣሊያኖች እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፍተው፣ አናጢና ግንበኛ ሆነው፣ ልጅ ወልደው ኖሩ። አያትህ ይህን አድርገዋል። አንተ የአጎትህን ልጅ በአንድ የድንበር ድንጋይ ሰበብ አላናግርም ብለሃል።

«ታዲያ ወንጀለኛ ሁሉ ይለቀቅ?»

ማን አለ? ያው ይቅር ያለው አገር የጣሊያን ጦር አዛዦቹ ግራዚያኒና ባዶሊዮ ለፍርድ ይቅረቡልኝ ብሎ በዓለም ሸንጎ ከመጠየቅ አልቦዘነም። ፍርዱን ያጣው ይቅር ስላለ አይደለም፤ ኃያላኑ ስላልፈለጉ ነው። የሮማው ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1981 በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በጥይት ሲመቱ፣ ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ለተኳሹ ይቅርታ አደረጉ። በ1983 እስር ቤት ድረስ ሄደው ተኳሹን መህመት አሊ አጃን እጁን ይዘው አነጋገሩት። ሰውዬው ግን እስር ላይ ቆየ፤ ጣሊያን ምሕረት ያደረገችለት በ2000 ነው። ፓፓው ይቅርታቸውን ሰጡ፤ ዳኛውም ሥራውን ሠራ። አንዱ አንዱን አልሻረም።

ቀራጩ ዘኬዎስም በጌታ ፊት ቆሞ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። «ጌታ ቤቴ ስለገባ ነገሩ ተዘጋ» አላለም። በአገራችንም የሽምግልና ወግ በዳዩ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ተበዳዩ ፊት ይቆማል፤ «ይቅር ለእግዜር» እስኪባል ድንጋዩን አያወርድም። ደም ከሆነም ካሳው ይቆረጣል። አባቶች ዕርቅን ከእውነት አልነጠሉትም።

እዚህ ላይ ግን ቃሌ ወደ እናንተ ወደ ሽማግሌዎቹ ይዞራል፤ አክብሬ ነው የምናገረው። ሴትዮዋ ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ፣ የወላጆቿ ቤት ተቀምጣለች። ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ። ቡናው ተፈላ። እሷን «ልጄ፣ ክርስቲያን አይደለሽም? ታገሺው፤ ይቅር በይው፤ ቤትሽን አታፍርሺ» አላችኋት። እሱን ምን አላችሁት? «አንተም ተው እንጂ» ብላችሁ ፈገግ አላችሁለት። ድንጋዩ የታለ? ካሳው የታለ? ሁለተኛ እጁን እንዳያነሣ ዋስ የጠራው ማነው? አባቶቼ፣ ድንጋዩን ያሸከማችሁት ለተደበደበችው ነው። እሷ በልቧ ይቅር ልትለው ትችላለች፤ ከእናቷ ቤት ሆናም ትችላለች፤ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጥታም ትችላለች። ይቅርታዋ ወደ ዱላው መመለሻ መንገድ አይደለም። ያቺ ሴት ብትሞት ለቀብሯ የምትቆፍሩት እናንተ ናችሁ።

«እኛን ለምን ትናገራለህ? አባቶቻችን ጳጳሳቱስ ተጣልተው የለ?»

ተጣልተው ነበር። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት ሲኖዶስ፣ ሁለት ፓትርያርክ ነበራት፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ በስደት። ወዲህና ወዲያ ተወጋግዘው፣ በሰሜን አሜሪካም በአውሮፓም በአንድ ከተማ ያለ ምእመን «የአገር ቤቱ» እና «የስደተኛው» ተባብሎ፣ ሌላው ደግሞ «ገለልተኛ» ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ደብር ውስጥ ላይቆርብ ተለያይቶ ኖረ። አብረው የተሰደዱ፣ በአንድ ክፍል አምስት ሆነው ያደሩ ጓደኛሞች በፋሲካ እንኳን አደረሰህ መባባል ተዉ። በመጨረሻ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ውግዘቱ ተነሣ። 4ኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ሐምሌ 25 ቀን አዲስ አበባ ገቡ፤ ከ6ኛው ፓትርያርክ ከአቡነ ማትያስ ጋር በአንድ ሲኖዶስ ጥላ ሥር ኖሩ። የካቲት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ሲያርፉም የተቀበሩት በአገራቸው አፈር ነው።

26 ዓመት ፈጀ። ያንገበግባል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ በባዕድ አገር የሞተ፣ «የእነሱ ቄስ አይፍታኝ» ብሎ ያለ ዕርቅ የሄደ ሰው አለ፤ እሱን ማንም መልሶ አያመጣውም። ግን አባቶች ዘግይተውም ቢሆን ታርቀዋል። አንተስ? ሁለቱ ፓትርያርኮች ጎን ለጎን ቆመው ከባረኩ በኋላም «ያኔ እንዲህ ብሎኝ ነበር» እያልክ የቀድሞ ጓደኛህን ስታይ የምትሻገረው የየትኛውን ሲኖዶስ ቀኖና እየጠበቅህ ነው?

«የበደለኝ ሰው ሞቷል፤ ከማን ጋር ልታረቅ?»

ልጆች አሉት። መንገድ ላይ ሲያገኙህ ቆብ አውልቀው «ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ይሉሃል። አንተ ፊትህን ታዞራለህ። ልጁ አባቱ ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም፤ የሚያውቀው አንተ እንደምትጠላው ብቻ ነው። ነገ ሲያገኝህ አቁመህ ጠይቀው፤ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ እናቱ ደህና መሆኗን። ለአባቱም ስሙን አንሥተህ በቅዳሴ አስበው። አባቱ ይቅርታህን ባይሰማውም ልጁ ይሰማዋል።

«እሺ ልሂድ፤ ባይቀበለኝስ?»

አልተቀበለህም ማለት አልሄድክም ማለት አይደለም። ጌታም በር ላይ ቆሜ አንኳኳለሁ አለ እንጂ ሰብሬ እገባለሁ አላለም። አንኳኳና ተመለስ። እናቱ ካለች ለእናቱ ንገር። ንስሐ አባት ካላችሁ፣ በንስሐ አባቱ በኩል ላክ። በሚቀጥለው በዓል እንደገና ሂድ። እሱ በሩን ዘግቶ ለመቆየት የፈለገውን ያህል፣ አንተ በደጁ ለመመላለስ ፍቅር ይኑርህ።

«ታረቅሁ እንበል፤ መልሶ ቢበድለኝስ?»

ይህን ጥያቄ ካንተ በፊት ጴጥሮስ ጠይቆታል። ሰባት ጊዜ ይበቃል ወይ ሲል ለጋስ የሆነ መስሎት ነበር፤ ያገኘው መልስ ሰባ ጊዜ ሰባት ነው። አባዝተኸው 490 ካወጣህ፣ ይሁን፤ ግን እስካሁን ስንቱን ተጠቀምክ? ገና አንዱን እንኳ አልነካኸውም። ስልክህ ኪስህ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን አልሰረዝከውም። ደውልና «ይቅር ለእግዜር» በለው። ካላነሣ ማታ ደግመህ ደውል፤ ማታም ካላነሣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሂድ።